ዝቅተኛ የማይል ገደብ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም፦ ለአንድ የሊዝ ምክር የተሰጠ ምላሽ

መኪና በሊዝ ስለመውሰድ፣ ማለትም ለተወሰኑ ዓመታት በወርሃዊ ክፍያ ተከራይቶ በመጨረሻ ስለመመለስ፣ የተጻፈ አንድ የምክር ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ቆይቶ እኔም ዘንድ ደርሷል። ጸሐፊው የአሜሪካን የሊዝ ውል መነሻ አድርገው የሚሰጡት ምክር አጭርና ግልጽ ነው፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በዓመት 10,000፣ 12,000 ወይም 15,000 ማይል መንዳት ከሚፈቅዱት የተለመዱ ገደቦች ምንጊዜም ዝቅተኛውን ምረጡ ይላሉ። ለዚህ የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ስድስት ናቸው። ወርሃዊ ክፍያው ያንሳል፤ ያልተነዳ ማይል የባከነ ገንዘብ ነው፤ አብዛኛው ሰው ከአገሪቱ አማካይ ብዙም ስለማይርቅ ገደቡን ቢያልፍ እንኳ በጥቂቱ ነው፤ የትርፍ ማይል ክፍያ፣ ማለትም ከገደቡ በላይ ለተነዳው የሚጠየቀው፣ ያው ገንዘብ ኋላ ሲከፈል ነው እንጂ ተጨማሪ ወጪ አይደለም፤ መኪናውን የገዛ ወይም ከዚያው ድርጅት ሌላ መኪና የወሰደ ሰው ከክፍያው ይድናል፤ በመጨረሻም ገደቡ አንዴ ከተፈረመ ስለማይለወጥ በኋላ መጨነቅ ትርፉ ድካም ነው። ከእነዚህ ውስጥ እውነትነት ያላቸው አሉ። ይሁን እንጂ ተደምረው ወደተሰጠው ምክር አያደርሱም፤ አንዳንዶቹማ ወደ ተቃራኒው ይመራሉ።

ወርሃዊ ክፍያው ያንሳል የሚለው የመጀመሪያው ነጥብ ትክክል ነው። ለምን እንደሚያንስ ግን ጽሑፉ አልነገረንም፤ ጉዳዩ ሁሉ የተንጠለጠለውም እዚያ ላይ ነው። በሊዝ የምንከፍለው ዋና ነገር መኪናው በእጃችን ባለበት ጊዜ የሚያጣውን ዋጋ ነው። አከራዩ ውሉ ሲፈረም መኪናው በውሉ ማብቂያ ስንት ያወጣል ብሎ ቀሪ ዋጋ ይተምናል፤ ከስምምነት ዋጋው (ውሉ ሲፈረም ለመኪናው ከተስማማንበት ዋጋ) ላይ ቀሪ ዋጋው ተቀንሶ ለወራቱ ይካፈልና የአገልግሎት ወለዱ ይታከልበታል። ብዙ የተነዳ መኪና ሲመለስ በርካሽ ስለሚሸጥ ገደቡ ከፍ ባለ ቁጥር ቀሪ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ወርሃዊ ክፍያውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ገደብ መምረጥ ማለት ማይልን በቅድሚያ በጅምላ መግዛት ነው። መጠየቅ ያለበት ጥያቄም «የትኛው ወርሃዊ ክፍያ ያንሳል?» የሚለው ሳይሆን «በቅድሚያ የምገዛው ማይል ስንት ነው የሚያወጣው፣ በኋላ የምከፍልበትስ?» የሚለው ነው።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። የመለያ ዋጋው (አምራቹ የለጠፈበት ዋጋ) 36,000 ዶላር የሆነ መኪና ለ36 ወራት ተወሰደ እንበል። አከራዩ በዓመት 10,000 ማይል ለሚመርጥ ቀሪ ዋጋውን የመለያ ዋጋው 59 በመቶ፣ ለ12,000 ማይል 58 በመቶ፣ ለ15,000 ማይል ደግሞ 56 በመቶ አድርጎታል እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ቢሆኑም በየደረጃው ያለው የአንድና የሁለት በመቶ ልዩነት በእውነተኛ ውሎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ነው። ከ12,000 ወደ 15,000 የሚሻገር ተከራይ ቀሪ ዋጋው በ720 ዶላር ይወርድበታል፤ ይህ ለ36 ሲካፈል በወር 20 ዶላር ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የሊዝ ወለድ የሚሰላው የስምምነት ዋጋውና ቀሪ ዋጋው ተደምረው መኒ ፋክተር በሚባለው አነስተኛ ቁጥር ተባዝተው ስለሆነ፣ ቀሪ ዋጋው ሲወርድ ወለዱም ትንሽ ይወርዳል። መኒ ፋክተሩ 0.0025 ከሆነ፣ ማለትም በ2,400 ሲባዛ 6 በመቶ ዓመታዊ ወለድ የሚሆን ከሆነ፣ በወር 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይቀነሳል። የተጣራው ጭማሪ በወር 18 ዶላር ከ20 ሳንቲም፣ በሦስት ዓመት ደግሞ 655 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። በዚህ ገንዘብ የተገዛው 9,000 ማይል ስለሆነ አንዱ ማይል ከሰባት ሳንቲም እምብዛም አይበልጥም። ገደቡን ያለፈ ተከራይ በውሉ ማብቂያ ለአንድ ማይል የሚጠየቀው ግን በተለምዶ ከ15 እስከ 30 ሳንቲም ነው፤ ለምሳሌያችን 25 ሳንቲም እንያዝ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ያልተነዳ ማይል የባከነ ገንዘብ ነው የሚለው፣ የሚወድቀው በዚህ ስሌት ፊት ነው። ጸሐፊው ያልተነዳውን ማይል እንደ ኪሳራ ቆጥረው በትርፍ የተነዳውን ማይል ችላ ብለውታል፤ የሁለቱ ስሕተቶች ዋጋ ግን እኩል አይደለም። አንድ ማይል አብዝቶ የገዛ ሰው የሚያጣው ሰባት ሳንቲም ገደማ ሲሆን፣ አንድ ማይል አሳንሶ የገዛ ሰው ግን 25 ሳንቲም ከፍሎ ሰባት ሳንቲም ያተርፋል፤ ማለትም 18 ሳንቲም ያጣል። በዓመት 13,000 ማይል የሚነዳን ሰው እንውሰድ። የ12,000ውን ገደብ ከመረጠ በሦስት ዓመት 3,000 ትርፍ ማይል ይነዳና 750 ዶላር ይጠየቃል። የ15,000ውን ከመረጠ 655 ዶላር በቅድሚያ ከፍሎ 6,000 ማይል ሳይነካው መኪናውን ይመልሳል። ከገዛው ተጨማሪ ማይል ሁለት ሦስተኛውን ሳይጠቀምበት ቀርቶ እንኳ ወደ 95 ዶላር ተርፎታል። ነገሩ ለጆሮ እንግዳ ስለሆነ አንባቢ ራሱ ደግሞ እንዲያሰላው እመክራለሁ።

የሁለቱ ገደቦች ወጪ እኩል የሚሆንበትን ቦታ ማግኘትም ቀላል ነው። 655 ዶላር ከ20 ሳንቲም ለ25 ሳንቲም ሲካፈል 2,621 ማይል ገደማ ይመጣል፤ ለሦስት ዓመት ሲከፋፈል በዓመት 874 ነው። እንግዲህ በዚህ ውል ከ12,874 ማይል በላይ እነዳለሁ ብሎ የሚያስብ ሁሉ የሚያዋጣው የ15,000ው ገደብ ነው። ከ10,000 ወደ 12,000 መሻገር የሚያዋጣበት ቦታ ደግሞ ከዚህም ቀርቦ በዓመት 10,437 ማይል ላይ ነው። ብዙ ሰው በሁለት አማራጮች መካከል ሲያመነታ መሐሉን ይቆርጣል፣ ከ13,500 በታች ከሆንኩ ዝቅተኛውን ልውሰድ ይላል። መሐሉ ግን ትክክለኛው መቁረጫ አይደለም፤ መቁረጫው የሚወሰነው በሁለቱ የማይል ዋጋዎች ንጽጽር ነው።

ማይሉን አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ይኸው ንጽጽር በዕድል ቋንቋም ሊነገር ይችላል። የቅድሚያው ማይል 7.3 ሳንቲም፣ የኋላው 25 ሳንቲም ከሆነ የመጀመሪያው የሁለተኛው 29 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ያንን ተጨማሪ ማይል የመንዳት ዕድሌ ከ29 በመቶ ይበልጣል ብሎ የሚያምን ሰው ቢገዛው ይሻለዋል። «ምናልባት እነዳው ይሆናል» የሚል ጥርጣሬ ብቻ በቂ የሚሆንበት ውል አለ ማለት ነው። ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን ተቃራኒውም ያጋጥማል። አከራዩ ቀሪ ዋጋውን ከማውረድ ይልቅ ተጨማሪ ማይል በቁርጥ ዋጋ፣ ለምሳሌ በ20 ሳንቲም፣ የሚሸጥ ከሆነና የትርፍ ማይሉ ክፍያ 25 ሳንቲም ከሆነ ያ 29 በመቶ ያልነው 80 በመቶ ይደርሳል። እዚያ ላይ ዝቅተኛውን ገደብ መርጦ እንደ አመጣጡ መክፈል የተሻለ ነው። ምናልባት ጸሐፊው ያዩት ውል እንዲህ ያለው ይሆናል፤ ችግሩ ከአንድ ውል «ምንጊዜም» የሚል ሕግ ማውጣታቸው ነው።

ያልተነዳ ማይል ገንዘቡ አይመለስም የሚለው አባባላቸውም ሳይታረም መታለፍ የለበትም። በቀሪ ዋጋው ውስጥ ለተካተተ ማይል በአሜሪካ ውሎች ተመላሽ አለመኖሩ እውነት ነው። አንዳንድ አከራዮች ግን ከመደበኛው ገደብ በላይ በቁርጥ ዋጋ ለተገዛና ሳይነዳ ለቀረ ማይል ይመልሳሉ፤ ይህ በውሉ ላይ ከተጻፈ ሙሉ ስሌቱን ይለውጠዋል። በጀርመን ደግሞ በኪሎ ሜትር ላይ በተመሠረተው የሊዝ ዓይነት ከገደቡ በታች ለተነዳ ኪሎ ሜትር ገንዘብ መመለስ የተለመደ ነው። በብዙዎቹ ውሎች 2,500 ኪሎ ሜትር ቢያልፍም ቢጎድልም የማይታሰብ መቻቻያ አለ፤ ተመላሹ ግን ለትርፉ ከሚጠየቀው ዋጋ ያነሰ ነው። አሠራሩ እንደ አገሩና እንደ አከራዩ የሚለያይ ሆኖ ሳለ ለሁሉም አንድ ፍርድ መስጠት አያስኬድም።

ሦስተኛው ነጥባቸው የአገሪቱን አማካይ ይመለከታል። የአሜሪካ ፌዴራል የአውራ ጎዳና አስተዳደር ያወጣው አኀዝ አንድ ሹፌር በዓመት በአማካይ ወደ 13,500 ማይል እንደሚነዳ ያሳያል። እንግዲህ ይህ ቁጥር ራሱ ከ10,000 በላይ መሆኑን ጸሐፊው እንዴት እንዳለፉት አልገባኝም፤ አማካዩን የሚነዳ ሰው ምክራቸውን ቢከተል በሦስት ዓመት ከ10,000 በላይ ትርፍ ማይል ይጠራቀምበታልና። ያ ደግሞ «በጥቂቱ» የሚባል አይደለም። ከዚያም በላይ በዚያው ሰነድ ከ35 እስከ 54 ዓመት ያሉት ሹፌሮች ከ15,000 ማይል በላይ ሲነዱ፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑት ከ8,000 በታች ነው የሚነዱት። አኀዙ የሹፌር እንጂ የመኪና አለመሆኑም መታወቅ አለበት፤ ባልና ሚስት በየተራ የሚይዙት አንድ መኪና የሁለት ሰው ማይል ይሸከማል።

ከአማካይ ይልቅ የራስ መኪና ቆጣሪ ይታመናል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ጋራዡ በደረሰኙ ላይ ቀኑንና የኦዶሜትሩን (የርቀት ቆጣሪውን) ንባብ ይጽፋል፤ አንድ ዓመት ያህል የሚራራቁ ሁለት ደረሰኞች ካሉ ትልቁን ከትንሹ መቀነስ ብቻ ነው ሥራው። ያ ከሌለ ከሥራ መንገድ መነሳት ይቻላል። ሥራው 18 ማይል የሚርቅ ሰው ደርሶ መልሱን በዓመት 240 ቀን ቢመላለስ 8,640 ማይል ይሆናል። ይህ ሰው ለገበያ፣ ለአምልኮ፣ ለልቅሶና ለሠርግ፣ ልጆችን ለማድረስ፣ ለዕረፍት ጉዞ ለሚነዳው ሁሉ ከ10,000ው የሚተርፈው በዓመት 1,360 ማይል ብቻ ነው፤ በሳምንት 26 ማይል መሆኑ ነው። የ10,000ው ገደብ ለእርሱ እንደማይበቃ ለማወቅ ሌላ ጥናት አያስፈልግም። በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ያለፈው ዓመት ሳይሆን መጪዎቹ ሦስት ዓመታት የሚያመጡት ለውጥ ነው፤ ቤት መቀየር፣ ከቤት ሆኖ መሥራት መቅረቱ፣ ልጅ ትምህርት ቤት መግባቱ።

አራተኛው፣ ያው ገንዘብ ኋላ ሲከፈል ነው የሚለው፣ ከላይ በታየው ስሌት መልስ አግኝቷል፤ ሰባት ሳንቲምና 25 ሳንቲም «ያው ገንዘብ» አይደሉም። የአከፋፈሉ ጊዜም ቢሆን ቀላል ጉዳይ አይደለም። የትርፍ ማይሉ ሒሳብ የሚመጣው በውሉ ማብቂያ በአንድ ጊዜ ሲሆን፣ አብሮት የመኪና መመለሻ ክፍያ፣ ከልክ ላለፈ መጫጫርና ለተበላ ጎማ የሚጠየቀው፣ ለሚቀጥለው መኪና የሚያስፈልገው ገንዘብም ይደርሳል። በ10,000 ማይል ውል በዓመት 14,000 የነዳ ሰው በአንድ ደብዳቤ 3,000 ዶላር ይጠየቃል፤ በምሳሌያችን ውል በሦስት ዓመት ከወርሃዊ ክፍያው ያተረፈው ግን 983 ዶላር ገደማ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ያሰራጨውን አንድ ብዥታ ማጥራት ያስፈልጋል። ጸሐፊው በየዓመቱ ገደቡን ያለፈ ሰው በየዓመቱ እንደሚቀጣ አድርገው ጽፈዋል። በተለመደው ውል ግን ቆጠራው የሚደረገው መኪናው ሲመለስ ነው፤ በዓመት 12,000 ማይል የሚፈቅድ የሦስት ዓመት ውል በጠቅላላው 36,000 ማይል ይፈቅዳል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት 15,000 የነዳ ሰው በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ቢቀንስ ምንም አይጠየቅም። ቆጠራው ከየት እንደሚጀምርም ማየት ይገባል። ዲለሩ (የመኪና ሻጩ) ለሙከራ ሲያስነዳው የቆየ መኪና ቆጣሪው ላይ ብዙ ማይል ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያ ማይል ከተከራዩ ድርሻ እንዳይቀነስ የመነሻው ንባብ በውሉ ላይ መስፈር አለበት።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ከተከራይ የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። በ1976 የወጣው የአሜሪካ የሸማቾች ሊዝ ሕግና ማስፈጸሚያው ደንብ ኤም፣ ሕጉ በሚሸፍናቸው ውሎች ላይ አከራዩ ስለ ከልክ ያለፈ አጠቃቀም እንዲያስታውቅ ያስገድዳሉ። በመግለጫው ላይ ከዚህ ማይል በላይ ለእያንዳንዱ ማይል ይህን ያህል ይከፈላል የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኛል፤ ቀሪ ዋጋውም እዚያው በቁጥር ተጽፏል። እንዲያውም ለሁለት ገደቦች ሁለት ረቂቅ አስወጥቶ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ የወርሃዊ ክፍያዎቹን ልዩነት በ36 አባዝቶ በተጨማሪው ማይል ሲያካፍል የቅድሚያውን የማይል ዋጋ ወዲያው ያገኘዋል። ዲለሩ ሁለተኛውን ረቂቅ ለማውጣት ቢያንገራግር ያ ራሱ አንድ መልስ ነው።

በአምስተኛው ነጥባቸው ሁለት ማምለጫ ይጠቁማሉ። የመጀመሪያው መኪናውን መግዛት ነው። ገደቡን ያለፈ ተከራይ መኪናውን በውሉ በተጻፈው ቀሪ ዋጋ ሲገዛ የትርፍ ማይል ክፍያ በአብዛኛው እንደማይጠየቅ እውነት ነው። ግን በስንት ነው የሚገዛው? ዝቅተኛውን ገደብ የመረጠ ሰው ቀሪ ዋጋው ከፍ ብሎ ነው የተተመነለት። በምሳሌያችን የ10,000ው ተከራይ መኪናውን በ21,240 ዶላር ሲገዛ የ15,000ው ተከራይ ያንኑ መኪና በ20,160 ይገዛል። በወርሃዊ ክፍያ ያተረፈውን በመግዣው ዋጋ መለሰው ማለት ነው፤ ወለድም ጨምሮበታል። ብዙ የተነዳ መኪና የገበያ ዋጋው ከቀሪ ዋጋው በታች ሊሆን ስለሚችልም ገዢው የትርፍ ማይሉን ቅጣት በሌላ ስም ከፈለው ሊባል ይችላል። በ2021 እና በ2022 ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ በጣም ንሮ ስለነበር ብዙ ተከራዮች መኪናቸውን ከገበያው በታች ለመግዛት በቅተዋል። ያ የመጣው በዓለም አቀፉ የቺፕ እጥረት አዳዲስ መኪኖች ስለጠፉ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ፈርሞ በእንዲህ ያለ አጋጣሚ ላይ መተማመን ዕቅድ አይባልም።

ሁለተኛው ማምለጫ ከዚያው ድርጅት ሌላ መኪና መውሰድ ነው። አንዳንድ አምራቾች ለደንበኞቻቸው የመመለሻ ክፍያውን ወይም ከትርፍ ማይሉ የተወሰነውን እንደሚያነሱ አይካድም። ነገር ግን ዲለሩ «እሱን ለእኛ ተዉት» ሲል በአብዛኛው ዕዳውን በአዲሱ መኪና ዋጋ ላይ ደምሮ ለሌላ 36 ወራት ወለድ እያስከፈለበት ነው፤ ዕዳው ቦታ ለወጠ እንጂ አልተሰረዘም። የውሉ ባለቤት የፋይናንስ ድርጅቱ እንጂ ዲለሩ ስላልሆነም የቃል ተስፋው በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም።

ጸሐፊው በቅንፍ ያለፉት አንድ ምክር ደግሞ ከሁሉም አሳስቦኛል፤ በመተግበሪያ ተሳፋሪ የሚያመላልሱ ሹፌሮች ሊዝ ወስደው ትርፍ ማይሉን ከገቢያቸው ቢከፍሉ ያዋጣቸዋል ብለዋል። ብዙዎቹ የግል ሊዝ ውሎች መኪናውን ለኪራይ ሥራ ማዋልን ይከለክላሉ፤ ይህን የጣሰ ተከራይ ውሉ ሊቋረጥበት ይችላል። ክልከላው ባይኖር እንኳ በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ ሰው የ10,000 ገደብ ይዞ በ25 ሳንቲም ሲሰላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ይጠራቀምበታል።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ገደቡ አንዴ ከተፈረመ አይለወጥም የሚለው፣ ለሁሉም አከራይ አይሠራም። አንዳንዶቹ በውሉ አጋማሽ ተጨማሪ ማይል ከማብቂያው ዋጋ ባነሰ እንዲገዛ ይፈቅዳሉ። ስለዚህ በ18ኛው ወር ቆጣሪውን ማየት ትርጉም አለው። 36,000 ማይል የተፈቀደለት ሰው በዚያን ቀን 22,000 ካነበበ፣ በዚሁ አካሄድ 44,000 ላይ ይደርሳል፤ 8,000 ትርፍ ማይል በ25 ሳንቲም 2,000 ዶላር ነው። አከራዩ ያንኑ ማይል በ15 ሳንቲም የሚሸጥለት ከሆነ ግን 1,200 ዶላር ይበቃዋል። ይህ ዕድል መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ዕድሉን የሚሰጡት አከራዮችም ውሉ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሽያጩን ሊዘጉት ስለሚችሉ ቀነ ገደቡን አብሮ ማስጻፍ ይገባል።